ወይንሸት አላለቀሰችም

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንላለን። ከአንድ ማህፀን ደጉም ክፉውም፣ ሰነፉም ጎበዙም ይወጣል ለማለት ነው። እናቲቱ ራሷ ዥንጉርጉር ልትሆን ትችላለች ብሎ ያሰበ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ዘፈኑን ስሙት፤ እናት ሁልጊዜ ሳትበላ ያበላች፣ ሳትለብስ ያለበሰች ናት። ተከታታይ ድራማውን ክፈቱት፤ ወይ ሆስፒታል ተኝታ ነጠላዋን በእንባ ታርሳለች፣ ወይ ምራቷን ለማባረር ጠንቋይ ቤት ትመላለሳለች። መሃል ላይ ያለችውን፣ ማለትም እናንተንም እኔንም የወለደችውን፣ ካሜራ አይቷት አያውቅም።

እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ጉዳዬ ብዬው አላውቅም ነበር። የምኖረው አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ፣ ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው። ጎረቤቴ ወይንሸት ፖላሪስ የገበያ ማዕከል አንድ ትልቅ የልብስ መደብር ውስጥ ትሠራለች። ዲቪ ሲደርሳት ልጇ ማህሌት አራት ዓመቷ ነበር። አባትየው ለልጅቱ ወረቀት አልፈርምም አለ፤ የቪዛው ቀን ደግሞ ሊያልፍ ሆነ። ወይንሸት ልጇን እህቷ ጋ ትታ መጣች። ማህሌት እናቷን እንደገና ያገኘቻት በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሰባት ዓመት ለትልቅ ሰው እንደምንም ያልፋል፤ ለልጅ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ማለት ነው።

ማህሌት አድጋ ኮሌጅ ገባች፣ ፊልም ማጥናትም ጀመረች። እናቷ ለሰው ስትናገር «ኮምፒውተር ነገር ነው» ትላለች። ይቺ ልጅ ለክፍሏ አጭር ፊልም ሠራች፤ ልጇን ትታ አሜሪካ ስለገባች እናት። ታሪኩ የማን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ወይንሸት ኮል አደረገችኝና «ና እስቲ፣ ልጄ ያወጣችልኝን ጉድ አብረን እንይ፤ እንግሊዝኛው ከፈጠነብኝ ትነግረኛለህ» አለች። ሄድኩ። ሶፋው ላይ በእናትና በልጅ መካከል ተቀመጥኩ፤ ከዚያ የባሰ መቀመጫ ኮለምበስ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ፊልሙ ላይ ትንሿ ልጅ በስልክ «ማሚ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች። እናትየዋ «ትምህርትሽን አጥኚ» ብላ ትዘጋለች። ልጅቱ ካደገች በኋላ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ስልክ ነበርሽ እንጂ እናት አልነበርሽም» ትላታለች። እኔ የሽምግልና ብልሃቴን ተጠቅሜ «ናፍቀሽኝ ነበር ነው የምትላት» ብዬ ተረጎምኩ።

«አንተ!» አለች ወይንሸት፣ ዓይኗን ከቲቪው ሳትነቅል። «እንደሱ አላለችም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከደንበኛ ጋር የምጨቃጨቀው በአማርኛ መሰለህ?»

ትርጉሜን በዚያው አቆምኩ።

መጨረሻው ላይ እናትየዋ ልጅቷ እግር ሥር ወድቃ፣ ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች ይቅርታ ትለምናለች። ሙዚቃው ከፍ ይላል። እኔ እንባዬ መጣ፤ ምን ላድርግ፣ በድራማ ያደግኩ ሰው ነኝ። ወይንሸት ግን ሪሞቱን አንስታ አጠፋችው።

«ሌላው ሁሉ ልክ ነው» አለች። «ስልኩም፣ መዝጋቴም። ይሄ ግን የማን ለቅሶ ነው?»

«የፕሮፌሰሩ ሐሳብ ነው» አለች ማህሌት፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። «ካላለቀሰች ሰው አይወዳትም አለኝ።»

«አይውደደኛ!»

ማህሌት ብድግ አለች። «ታዲያ አንድ ቀን እንኳ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ? ሶሪ ብለሽኝስ ታውቂያለሽ?» ይህን ያለችው በአማርኛ ነው። ማህሌት አማርኛ ከተናገረች ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

ወይንሸት ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ በሶፋው ስፌት ሾልኬ ብገባ በወደድኩ።

«መቅረት እችል ነበር» አለች በመጨረሻ። «አባትሽ አልፈረመም ብዬ ለሰው አወራለሁ፤ እውነትም አልፈረመም። ግን መሄድ ፈልጌ ነበር። አውሮፕላኑ ሲነሳ አላለቀስኩም፣ ማህሌት። ደስ ብሎኝ ነበር። የሚያሳፍረኝ መሄዴ ሳይሆን ያ ደስታ ነው። ከዚያ በኋላ ፊትሽ ባለቅስ የውሸት ይሆንብኛል። ከቻልሽ ይሄን ፊልም አድርጊው፤ እግር ሥር መውደቁን ግን አውጪልኝ።»

ማህሌት ላፕቶፗን ይዛ ክፍሏ ገባች፤ በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ወይንሸት ወደ እኔ ዞራ «ምሳ በልተሃል?» አለችኝ።

ከወር በኋላ ፊልሙ ዋይንላንድ ፓርክ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለች ትንሽ አዳራሽ ታየ። ለቅሶው የለም። እናትየዋ የአውሮፕላኑ መስኮት ጋ ተቀምጣ፣ ቀበቶዋን አስራ፣ ፈገግ ትላለች። በቃ። ሙዚቃም የለው። ከወይንሸት ጎን የተቀመጡ አሮጊት ፈረንጅ ጠጋ ብለው «እንዴት ያለች ጨካኝ እናት ናት!» አሏት በሹክሹክታ። ወይንሸት ራሷን እየነቀነቀች «በጣም እንጂ» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

ፊልሙ ሲያልቅ አዘጋጆቹ ማህሌትን መድረክ ላይ አቁመው «እናትሽ ይህን አይታለች?» ብለው ጠየቋት።

«አይታለች» አለች። «መጨረሻውን የቆረጠችው እሷ ናት።»

ታረቁ ወይ ካላችሁኝ፣ እንጃ። ስንመለስ እኔ እየነዳሁ፣ እነሱ ከኋላ ይጨቃጨቁ ነበር። ተዋናይዋ እኔን አትመስልም፣ ትመስልሻለች፤ እንዲህ ዓይነት ሹራብ ለብሼ አላውቅም፣ ለብሰሻል፣ ፎቶው አለ፤ የዚያን ዕለት ምን አብልተሽኝ ነበር የሄድሽው፣ ፍርፍር፣ አይደለም፣ ፓስታ ነው። ልገላግል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ስምንት ዓመት ስጎራበታቸው እነዚህ ሁለት ሰዎች ስለዚያ ዘመን እንዲህ እየተቀባበሉ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሬዲዮኑን አጠፋሁና ረጅሙን መንገድ ያዝኩ።