ጋሼ ጌታቸው ዛሬም ሊሄዱ ነው

በየከተማው «ልሄድ ነው» እያለ የሚያረጅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው ወይ ይሄዳል ወይ ይቀራል፤ እሱ ግን ይማከራል። ሸዋ ሮቢት በዚህ በኩል የሚቀድማት የለም። ጋሼ ጌታቸው አሏት።

ልጃቸው ኤርሚያስ ደብረ ብርሃን ዳር፣ ገና በሚቆረቆር ሰፈር ቤት ሠርቶ «አባዬ፣ ብቻህን በዚህ ሙቀት ምን ትሠራለህ? ና ከኛ ጋር ኑር» ካላቸው ቆይቷል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ሰፍቷቸዋልና ነገሩ ልባቸው ገባ። ከዚያ ወዲያ ያልተማከረ የለም፤ የቀወት ገበሬ፣ የሽንኩርት ነጋዴ፣ ከማጀቴ ለገበያ የወረደ እንግዳ ሳይቀር። የምክሩ አጀማመር አንድ ነው፦ «እኔስ ቆርጬ ጨርሻለሁ፤ አንተ ግን ምን ትላለህ?»

«ይሂዱ» ያላቸውን «እንዴት! አገሬን ጥዬ?» ይሉታል። «ይቅሩ» ያላቸውን «ልጄን ልካደው?» ብለው ይቆጡታል። ዝም ያላቸውን ደግሞ «ይሄ ሰው ነገር ይዟል» ብለው በማግስቱ ይመለሱበታል።

የዚህ ሁሉ ምክር ዋና ተሸካሚ ጎረቤታቸው ከዲጃ ናት። ሱቋ አስፋልቱ ዳር ነው፤ ጋሼም በየጠዋቱ ደጇ ላይ በተደፋ የለስላሳ ሣጥን ላይ ይሰየማሉ። ከዲጃ ስኳር ስትመዝን ስለ ደብረ ብርሃን ውርጭ ይነገራታል፤ ዘይት ስትቀዳ ስለ ጣርማ በር ጉም።

«ወላሂ ጋሼ፣ ይሂዱና ይገላግሉኝ!»

«ልትገላገዪኝ ነው? እንግዲያው አልሄድም።»

«እንግዲያው አይሂዱ!»

«አየሽ፣ አንቺም አንድ ቦታ አትረጊም። እንዲህ ሆነሽ ማንን ትመክሪያለሽ?»

ስለ እጃቸው ካልተናገርኩ ጋሼን ያወቃቸው የለም። አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይላሉ። ድሮ ባጃጆቹ ጠሩን ብለው ሲቆሙ «ምነው ልጄ፣ ደህና አደርክ ልልህ ነው እንጂ» ተብለው ይመለሱ ነበር። ዛሬ አዲስ ነጂ ሲመጣ አብዱሰላም፣ የነጂዎቹ አንጋፋ፣ «የጋሼ እጅ ሲነሣ አትቁም፤ ሰላምታ ነው። ጥሩምባ ንፋና እለፍ» ብሎ ያስጠናዋል።

አምና በጥር ለሙከራ ሄዱ። ከዲጃ «ተገላገልኩ» ብላ ሱቋን ከፈተች፤ ሣጥኑ ላይ ሊቀመጥ ያለውን ገበያተኛ ሁሉ ግን «ሰው አለው» እያለች ስታስነሣ ሰነበተች።

ኤርሚያስ ሰፈር ዳቦ ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም በመኪና ነው። ልጅና ምራት በጠዋት መኪናቸውን አስነሥተው ሲወጡ ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው ሰው ፍለጋ መንገድ ዳር ወጡ። ሰው የለም፤ መኪና ብቻ። መኪና ውስጥም ሰው አይጠፋ ብለው እጃቸውን አነሡ። ሚኒባስ ቀጥ ብሎ ቆመላቸው። ቆሞልኝ አልገባም ብል ነውር ነው ብለው ገቡ። ወርደው ሌላውን ሰላም አሉ፤ እሱም ቆመ፤ ገቡ። ኤርሚያስ አመሻሹ ላይ ያገኛቸው ከተማውን ሁሉ ሰላም ብለው በወዲያኛው ጫፍ ነው።

«እንዴት ነው አገሩ?» አለቻቸው ከዲጃ ሲመለሱ።

«ሕዝቡ ደግ ነው፤ ይቆምልሻል። ግን ደህና ዋላችሁ ስትይው ‹ጠጋ በሉ አባት› ይልሻል።»

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከረረ። በሙቀቱ ወራት አንድ ቀን የጋሼ በር ሳይከፈት አረፈደ። ከዲጃ ብታንኳኳ መልስ የለም፤ አብዱሰላምን ጠርታ በሩን በትከሻው አስገነጠለችው። ጋሼ ራሳቸውን ስተው ወድቀው ተገኙ። እግዜር አተረፋቸው፤ በሩም አዲስ ቁልፍ ገባለት። ኤርሚያስ ግን በስልክ አለቀሰ። ጋሼም ማንንም ሳይጠይቁ ሻንጣ ሸከፉ። ከዲጃ የደነገጠችው ያን ጊዜ ነው። ጋሼ ጌታቸው ካላማከሩ እውነትም ሊሄዱ ነው።

በማግስቱ ሻንጣቸውን ይዘው ሱቁ ፊት ለፊት ቆሙ። መናኸሪያው ሩቅ ነው። እጃቸውን አነሡ። አብዱሰላም መጣ፤ ጥሩምባውን ነፋ፤ «ደህና አደሩ ጋሼ! ተሻለዎት?» ብሎ አለፈ። ሌላው መጣ፤ ነፋ፤ አለፈ። ሦስተኛው ጭራሽ በሁለት እጁ ሰላም አላቸው።

«ምን ነካቸው ዛሬ?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ» አለች ከዲጃ።

አንዴ «ባጃጅ!» ብላ ብትጣራ የከተማው ባጃጅ ሁሉ ይቆም ነበር፤ ስትጣራ ድምጿ ገበያ ድረስ የሚሰማ ሴት ናት። ከዲጃ ግን ስኳር ትመዝናለች። የሚገዛ ሰው አልነበረም።

ፀሐይዋ በረታች። የደብረ ብርሃኑ መኪና ሞልቶ በፊታቸው አለፈ። ጋሼ እሱንም ሰላም አሉት።

ከዲጃ ወጥታ ሣጥኑን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ጥላው ሳበችው። ጋሼ ተቀመጡ።

«እኔስ ቆርጬ ጨርሻለሁ» አሉ። «አንቺ ግን ምን ትያለሽ?»

«የበሩን ቁልፍ ይስጡኝ፤ ጠዋት ጠዋት እኔ እከፍተዋለሁ። ለኤርሚያስም እኔ እነግረዋለሁ።»

ጋሼ ጌታቸው፣ አገር ያማከሩት ሰውዬ፣ ማንንም ሳያማክሩ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።