መብራት ጠፍቶ ኤሌክትሪክ የያዘው አባት

የኛ ሰው ኤሌክትሪክን የሚፈራው ሲጠፋ ብቻ ነው! እውነቴን ነው። ሲጠፋ ክው እንላለን፣ ስልካችንን ቻርጅ ሳናደርግ በመቅረታችን ይቆጨናል፣ ፍሪጅ ውስጥ ስላለው ሥጋ እንሳቀቃለን። ሲኖር ግን ማን ከቁብ ቆጥሮት! እስቲ አንተው ንገረኝ… ሁለት ራቁት ሽቦ ሶኬት ውስጥ ሰክተህ በክብሪት እንጨት አጥብቀህ አታውቅም? ተው እንጂ፣ እኔና አንተ ብቻ ነን! አንቺም ብትሆኚ የካውያሽን ገመድ በቁስል ፕላስተር ጠቅልለሽ እየተኮስሽበት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እስካለፈው ወር ድረስ እንደናንተው ነበርኩ።

ማህሌት የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። ሙያ ማሰልጠኛ ገብታ የኤሌክትሪክ ሥራ ትማራለች። መጀመሪያ ስትነግረኝ "ምነው ልጄ፣ አካውንቲንግ ሞልቶ!" ብያት ነበር፤ ከመጤፍም አልቆጠረችኝ። በዚህ በዚህ እናቷን ነው የወጣችው። (እናቷ ይህን ጽሑፍ ስለምታነበው በዚሁ ይብቃኝ።)

ትምህርቷን ልትጨርስ የቀራት አንድ ባለሙያ ሥር ሆና መለማመድ ብቻ ነበር። የሚቀበላት ባለሙያ አግኝታ ፎርሙን ካላስፈረመች ግን ዓመቱ ይቃጠልባታል። ቀነ ገደቡ ደግሞ ሰኞ! ሦስት ባለሙያዎች ጋ ሄዳ ሦስቱም "ሴት ልጅ? መሰላል ላይ?" እያሉ መለሷት። ከሦስተኛው ስትመለስ ምሳዋን ሳትነካ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አንጀቴን በላችው።

እኔ ደግሞ መርካቶ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሰው አላጣም። ጋሽ ሸምሱ ትዝ አሉኝ። ጋሽ ሸምሱ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ የጎጃም በረንዳን መጋዘኖች መብራት የዘረጉት እሳቸው ናቸው። የሥራ መሣሪያቸው አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴና "ቢስሚላህ" ነው። ሽቦው ኤሌክትሪክ ይኑረው አይኑረው የሚያረጋግጡት በእጃቸው ጀርባ ነካ አድርገው ነው። ለምን ሲባሉ "ያውቀኛል!" ይላሉ፤ ስለ ጎረቤት ውሻ የሚያወሩ ነው የሚመስለው።

"ጋሽ ሸምሱ፣ እባክዎን ልጄን ይቀበሉልኝ።"

"ሴት ናት?"

"ሴት ናት።"

"ፈሪ ናት?"

"ኧረ በፍጹም!"

"እንግዲያው ቅዳሜ ይዘሃት ና፤ ሥራዋን አይቼ እወስናለሁ። ፈሪ ከሆነች ግን እንዳታለፋኝ። ኤሌክትሪክ ፈሪ አይወድም።"

አርብ ከሰዓት ከማህሌት ጋር የሥራ ዕቃ ልንገዛ መርካቶ ወጣን። ትምህርት ቤቱ የሰጣትን ዝርዝር ሳየው ልጄ መብራት ልትዘረጋ ሳይሆን ጨረቃ ላይ ልትወጣ መሰለኝ። ሄልሜት፣ መነጽር፣ የኤሌክትሪክ ጓንት፣ ጎማ ሶል ያለው ጫማ፣ እጀታው የተሸፈነ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ ናስትሮ… መጨረሻ ላይ ደግሞ "ቁልፍ" ይላል።

"ቁልፉ ለምንድን ነው?"

"ብሬከሩን አጥፍቼ የምቆልፍበት ነዋ።"

"መብራት እንደ ሳጥን ይቆለፋል እንዴ?"

"አባዬ፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ አንዱ መጥቶ 'ጨለመብኝ' ብሎ ቢያበራውስ?"

ልጄ ልክ ስትሆንብኝ የአባትነት ቁጣ ነው የሚመጣብኝ። "ዝም ብለሽ ነይ!" ብዬ ፊት ፊት ሄድኩ። መንገድ ላይ "ለምን ምን አለሽ ተራ አንሄድም? ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች አንድ አሮጌ ጓንት አያጡም" ብላት እንዴት አድርጋ እንዳየችኝ ብታዩ! ተከትያት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገባሁ።

ባለ ሱቁ መፋቂያውን ካፉ ሳያወጣ ተቀበለን።

"ጓንት አለ?" አልኩት።

"የቱን ይፈልጋሉ ጋሼ? ኦርጅናል አለ፣ ኦርጅናል የሚመስል አለ፣ ለፎቶ የሚሆንም አለ።"

ለፎቶ የሚሆነውን ልጠይቅ አፌን ስከፍት ማህሌት "ኦርጅናሉን" አለች። ከዚያ ያደረገችውን እንዴት ልንገራችሁ… አንዱን ጓንት አነሳች፣ አየር አስገባችበት፣ አፉን ጠቀለለችና እንደ ፊኛ ወጠረችው። ከዚያ ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ታዳምጠው ጀመር!

"ምን እያደረገች ነው?" አለኝ ባለ ሱቁ።

"እኔንጃ… እያወሩ ነው መሰለኝ።"

"ይኼ ይተነፍሳል" ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ሁለተኛው፣ "ይኼም።" ሦስተኛው፣ "ይኼም።" ተሸካሚዎች ሸክማቸውን አውርደው መመልከት ጀመሩ። በአምስተኛው ላይ ባለ ሱቁ መፋቂያውን ካፉ አወጣ።

"እህቴ፣ ጓንት ነው የምትገዢው ኳስ?"

"ወንድሜ፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ካለችበት ጓንት አይደለም።"

ስድስተኛው አልተነፈሰም። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ቴስተሩን አንስታ የሰውየው ሶኬት ላይ ሰካችው። አምፖሉ ከራሳችን በላይ ቦግ ብሎ በርቷል፤ ቴስተሩ ግን "ምንም የለም" ባይ ሆኖ ቁጭ! "አየህ አባዬ፣ ይኼን አምኜ ሽቦ ብነካ አልቆልኝ ነበር" አለችና ሌላ አስመጣች። ባለ ሱቁን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የገዛነውን ሁሉ በማዳበሪያ ተሸክሜ ስወጣ ከኋላዬ "ጋሼ፣ ለልጅቷ ባል ሲመጣም እንዲህ ነፍታ ነው የምታየው?" ሲል ተሸካሚዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

ታክሲ ስንጠብቅ ምክሬን ጀመርኩ።

"ማሂዬ፣ ነገ ጋሽ ሸምሱ ፊት ይህን ሁሉ እንዳታወጪው። እሳቸው በባዶ እጃቸው እየሠሩ አንቺ ጓንት ስታጠልቂ… ሰው ቤት ተጋብዞ ምሳ ቋጥሮ እንደ መሄድ ነው! ነውር ነው።"

"እና በባዶ እጄ ልንካው?"

"ለነገ ብቻ! ፎርሙን እስኪፈርሙ።"

"ኤሌክትሪኩ ፎርሙ እስኪፈረም ይታገሠኛል?"

ይህቺን ልጅ ማን እንዲህ መናገር እንዳስተማራት አላውቅም። (እናቷ።)

ቅዳሜ ጠዋት ጎጃም በረንዳ ካለው መጋዘን ደረስን። ሥራው የመጋዘኑን መተላለፊያ አሮጌ የመብራት መስመር አንስቶ በአዲስ መተካት ነው። ገና ጋሽ ሸምሱን ሰላም ብለን ሳንጨርስ መብራት ጥፍት! አካባቢው በሙሉ "ኤጭ!" አለ፤ የየሱቁ ጀነሬተርም ተራ በተራ ማጓራት ጀመረ። ጋሽ ሸምሱ ግን ፊታቸው በራ።

"አልሐምዱሊላህ! ሥራ ተቃለለልን!"

ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። ለመርካቶ ኤሌክትሪሻን ትልቁ የአደጋ መከላከያ የመብራት መጥፋት ነው። ጓንት ይቀደዳል፣ ጫማ ያልቃል፣ የመብራት መጥፋት ግን ተቋርጦ አያውቅም። ባለሙያው ብሬከር ፍለጋ አይንከራተትም፤ እግሩን አጣጥፎ ይጠብቃል፣ ሲጠፋ ተነስቶ ይሠራል፣ ሰፈሩ "መጣ!" ብሎ ሲጮህ ከመሰላሉ ዘሎ ይወርዳል።

ዞር ስል ማህሌት ሄልሜቷን ደፍታ፣ መነጽሯን ሰክታ፣ ጓንቷን አጥልቃ ቆማለች። ምክሬ በሙሉ ገደል ገባ! ጋሽ ሸምሱ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

"ልጅህ እሳት አደጋ ነው እንዴ የምትሠራው?"

ከሚገባው በላይ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

"ብሬከሩን ላጥፋው ጋሽ ሸምሱ?" አለች።

"የጠፋውን ነው የምታጠፊው?"

"እሺ፣ ቢያንስ ሽቦውን በቴስተር ልየው።"

ጋሽ ሸምሱ እሷን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። "ፈሪ አይደለችም አላልከኝም?"

ሰኞ ታየኝ። ያልተፈረመው ፎርም ታየኝ። የተዘጋው የክፍሏ በር ታየኝ። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ዝም ትል ነበር፤ አዎ፣ ጤነኛ ሰው ዝም ይላል! እኔ ግን "ፈሪማ አይደለችም! እኛ ቤት ፈሪ የለም!" ብዬ ወደ ግድግዳው ተንደረደርኩ። "ማሂ፣ መብራት የለም ስትባዪ የለም ነው! ይኸው!" አልኩና የተንጠለጠለውን ራቁት ሽቦ ጨበጥኩት።

ጨበጥኩት አልኩ እንዴ? ጨበጠኝ እንጂ! ክንዴ የኔ መሆኑ ቀረ። እለቀዋለሁ እላለሁ፣ እጄ አልሰማ አለኝ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ፣ አንዱ "ኧ… ኧ… ኧ…" ሲል ይሰማኛል፤ ለካ እኔው ነኝ።

"ቀልዱን ተወው እንጂ!" አሉኝ ጋሽ ሸምሱ።

ቀልድ መስሏቸው! ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቁ ሊያስጥሉኝ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። "እንዳይነኩት!" የሚል ድምፅ መጋዘኑን አናጋው። የሰላሳ ዓመቱ ባለሙያ ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጄ ናት! ከተሰበረ ሳጥን ደረቅ ጣውላ ነቀለችና ክንዴን ደለቀችው። አንድ ጊዜ… አልለቀቀኝም። ሁለተኛው ላይ እኔ ወደ አንድ በኩል፣ ሽቦው ወደ ሌላ በኩል ተለያየን።

ዓይኔን ስገልጥ መጋዘኑ በሰው ተሞልቷል። አንዱ "ወተት ስጡት!" ይላል። አንዱ "ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ይውረድለት" ብሎ ጫማዬን ያወልቃል። ሌላው ደግሞ "አፈር አልብሱት!" አለ፤ ለሕክምና ይሁን ለቀብር አላብራራም። ማህሌት ሁሉንም ገፍታ አጠገቤ ተንበረከከች። መነጽሯ ውስጥ እንባ ሞልቷል።

"ብትሞትብኝስ?! ለፎርም ብለህ ብትሞትብኝስ አባዬ?!"

ልጄ ስትጮህብኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። አፈርኩ። ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ጩኸቷ ነው ውስጤ የገባው።

ትንፋሼ መለስ ሲልልኝ ቴስተሯን ይዛ ሽቦውን ተከተለች። ሽቦው ሄዶ ሄዶ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ይገባል። ከግድግዳው ማዶ ጀነሬተር ዱግ ዱግ ዱግ ይላል። መብራት ከጠፋ ጀምሮ ሁላችንም ስንሰማው ነበር፤ መርካቶ ውስጥ ግን ጀነሬተርን ማን ይሰማዋል? የጀነሬተሩ ባለቤት እትዬ ከድጃ፣ የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፋይዋ፣ ጩኸት ሰምተው እየሮጡ መጡ።

"እትዬ ከድጃ፣ ከጀነሬተርዎ ወደዚህ የገባ መስመር አለ?" አለቻቸው ማህሌት።

"አለ እንጂ ልጄ! መብራት ሲጠፋ ተሸካሚዎቹ በጨለማ እንዳይወድቁ ብዬ አንድ አምፖል ሰጠኋቸው። ለአላህ ብዬ!"

አምፖሉ ለካ ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ የእትዬ ከድጃ ደግነት ግን አልተቃጠለም፤ ሽቦው ውስጥ ቁጭ ብሎ እኔን ይጠብቅ ነበር።

"ማን ነው መስመሩን የቀጠለልዎት?"

"ማን ይሆናል? ይኸው ሸምሱ ነዋ!"

ጋሽ ሸምሱ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ማህሌት ጀነሬተሩን አስጠፍታ፣ እኔን ጎትታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። "ደህና ነኝ" ብላትም አልሰማችኝም፤ ልቤ ካልታየ ንቅንቅ አልልም አለች። ልቤ ደህና ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ግን ክንዴን ገልጦ ተገረመ።

"ይኼ ሰንበር ግን የኤሌክትሪክ አይደለም።"

"ልጄ ናት የመታችኝ።"

"ጎበዝ!" አላት።

እሑድ ቤታችን ሐዘን የገባበት መሰለ። ፎርሙ ጠረጴዛ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ዓመቷን የሚያቃጥልባት ቀነ ገደቡ ሳይሆን እኔ ሆንኩ! ይቅርታ ልላት ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም "ሻይ ትጠጫለሽ?" በሚል ጨረስኩት።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ጋሽ ሸምሱ በፌስታል ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጥተዋል። ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ መንገድ ቁፋሮው አወሩ፣ ከኤሌክትሪክ በቀር የማያወሩት ነገር አልነበረም። በመጨረሻ "ልጅቷ የታለች?" አሉ።

ማህሌት መጥታ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

"ትናንት 'እንዳይነኩት' ያልሽኝ…"

"ይቅርታ ጋሽ ሸምሱ፣ ደንግጬ ነው የጮህኩብዎት።"

"ኧረ ልጄ! እጄን ዘርግቼ ነበር እኮ። ብነካው ኖሮ ሁለት ሬሳ ነበርን።" ብርቱካኑን አገላበጡት። "መስመሩን የቀጠልኩት እኔ ነኝ። እኔው ቀጥዬ እኔው ረሳሁት! ሰላሳ ዓመት 'ቆይ፣ ልየው' ያለኝ ሰው የለም። ሰኞ ነይ። ዕቃሽንም አንድ ሳታስቀሪ ይዘሽ ነይ። በይ ፎርሙን አምጪው።"

እኔ ልቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየለት ነገር ያዘኝ። ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን አድርገው፣ እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ሞሉት፤ ፈረሙ። ማህሌት አንብባው አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ከደስታ ነው ብዬ ተውኳት።

ሰኞ ማሰልጠኛው ተቀበላት። ግልባጩን አምጥታ ስታሳየኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ፎርሙ ላይ "በሥራ ቦታው ሊያጋጥሙ የሚችሉ አደጋዎች" የሚል ክፍት መስመር አለ። የጓደኞቿ ላይ ባለሙያዎቹ ከመሰላል መውደቅ፣ ሾርት፣ እሳት ብለው ሞልተዋል። የኛው ጋሽ ሸምሱ በዚያ በተንጋደደ ጽሑፋቸው አንድ ቃል ብቻ ነው የጻፉት፦ "አባቷ"።

ማህተም አርፎበታል።