በቄጠማ ውስጥ ዓሣ የሚሰማ ዘንግ ስለ መምረጥ

…የአባቴ ማጥመጃ ሸምበቆ ነበር፤ ቀርከሃ አልነበረም። በበሽሎ ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ክሩ ሳይነቃነቅ ገና ፊቱ ይለወጥ ነበር፤ አንድ የማይታይ ሰው በጆሮው የነገረው ይመስል። እኔም ምን ሰማህ ብዬ ልጠይቀው ስል…

(ከዚህ በላይ ያለው ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት በጸሐፊው የታሰበ ስለሆነ አይቆጠርም። የወረቀት እጥረት ስላለ አልተቀደደም።)

ቀን፦ ረቡዕ መጋቢት 6 ቀን 1970 ዓ.ም.
ቦታ፦ ስማዳ፣ የጨፌ ዳር ገበሬ ማኅበር አዳራሽ፣ ማለትም የቀድሞው ባለርስት ጎተራ

የተገኙ፦
1. ጓድ አጥናፉ፣ ሊቀመንበር
2. ጓድ ዳምጤ፣ ገንዘብ ያዥ
3. አባ ወልደ ጊዮርጊስ፣ የሽማግሌዎች ተጠሪ
4. ጓድ ብርቄ፣ የሴቶች ተጠሪ
5. ጸሐፊው
6. ጓድ አዲስዓለም
7. ጓድ ሀይሉ

ተራ ቁጥር 6 እና 7 ባለፈው ክረምት በሚሊሻነት ሄደው አልተመለሱም። መቅረታቸው በደብዳቤ እስኪገለጽልን ድረስ እንደተገኙ ተቆጥረው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

በእንግድነት፦ ለሚሊሻ ምልመላ የተላኩ አንድ ጓድ። ስማቸውን አልተናገሩም። የጠየቀም የለም።
ለማስረዳት የተጠራ፦ ጓድ ቻላቸው፣ የጓድ ብርቄ ባለቤት።

አጀንዳ አንድ፦ ዘንግ ያስፈለገበት ምክንያት

ሊቀመንበሩ እንዳብራሩት፣ ማኅበሩ በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ለሚሊሻ እንዲሰጥ ታዟል። ተራው የጓድ ቻላቸው ነው። ይሁን እንጂ በልዩ ምርት ላይ የተሰማራ ሰው አይነካም። ማኅበሩ ደግሞ ዓሣ ማምረት እጀምራለሁ ብሎ ለበላይ ጽፏል። በማኅበሩ ውስጥ ዓሣ ይዞ የታየ ሰው ጓድ ቻላቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ዘንጉ ተመርጦ እርሳቸው አጥማጅ ሆነው ከተሾሙ እቤታቸው ይቀራሉ። ሊቀመንበሩ ይህን የተናገሩት እንግዳውን እያዩ ነው። እንግዳው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ጓድ ብርቄ «እንግዲያው ምረጡና እንውጣ» ብለዋል።

አባ ወልደ ጊዮርጊስ ግን ጊዜው ሁዳዴ መሆኑን አስታውሰው፣ ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉም አይበላም የሚሉም እንዳሉ፣ እርሳቸው ከሁለቱም ጋር ተጣልተው መኖር እንደማይችሉ አስረድተዋል። ከብዙ ውይይት በኋላ ዓሣው አሁን እንዲያዝ፣ መበላቱ ግን ለፋሲካ እንዲተላለፍ ተወሰነ። ጓድ ዳምጤ ዓሣው እስከ ፋሲካ ምን ሆኖ ይቆያል ብለው ጠይቀው፣ ጥያቄው ወደፊት ይታያል ተብሏል።

አጀንዳ ሁለት፦ የቀረቡ ዘንጎች

ጓድ ቻላቸው በሰጡት ማብራሪያ፣ ጨፌአችን ከዳር እስከ ዳር ቄጠማና ደንገል ነው። መረብ ይቀደዳል፤ ክር ራቅ ተደርጎ ከተወረወረ ይጠላለፋል። ስለዚህ መንጠቆው በቄጠማው መሐል ባለች ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አምባዛ ሲነካው ውሃው እንኳ አይነቃነቅም። ዘንጉ ቶሎ ለእጅ ካልነገረ ዓሣው ሥር ለሥር ገብቶ ይጠመጠማል። የወፈረ ዘንግ አይሰማም፤ የሳሳም አያወጣም።

ሊቀመንበሩ የራሳቸውን ሽመል አቅርበው፣ ዓሣውን ከነቄጠማው፣ ቄጠማውንም ከነጭቃው እንደሚነቅል አረጋግጠዋል።

ጓድ ዳምጤ የጅራፋቸውን እጀታ አቅርበዋል። በሬው ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ገና ሲያስብ በዚህ እጀታ ይሰማኛል ብለዋል። ጓድ ብርቄ «ኧረ አያ ዳምጤ! በሬህ ቢያስብ ካንተ ጋር ያርስ ነበር?» በማለታቸው ለአጭር ጊዜ ሥርዓት ተጓድሏል።

ጓድ ቻላቸው ያቀረቡት ሸምበቆ ነው።

ሊቀመንበሩ የአባ ወልደ ጊዮርጊስ መቋሚያም በእጩነት ትያዝ የሚል ሐሳብ አመጡ። አባ «ስሜትስ አላት፤ ማኅሌት ቆሜ ሳንቀላፋ የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት። ለአምባዛ ግን አላውሳትም» በማለታቸው፣ ሐሳቡ በአንድ ድምፅ፣ ማለትም በአባ ድምፅ፣ ወድቋል።

አጀንዳ ሦስት፦ ፈተና

ጨፌው ወርዶ መፈተን የእንግዳውን ጫማ ስለሚያበላሽ ፈተናው በአዳራሹ እንዲካሄድ ተወሰነ። አንድ ሸክም ቄጠማ መጥቶ በጓዳው በር ፊት ተከመረ። ክሩ በቄጠማው ውስጥ አልፎ በበሩ ሥር ወደ ጓዳ ገባ። ዘንግ ያዡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲነካ ይናገራል። ጓዳ ገብቶ ክሩን የሚነካው ዓሣ ነው።

ዓሣ ለመምረጥ ሰፊ ክርክር ተደርጓል። ጓድ ብርቄ ተጠቁመው፣ ሚስት ናቸው፣ ይጠቅሱታል ተብሎ ተቀባይነት አላገኙም። አባ ወልደ ጊዮርጊስ «የጌታ ደቀ መዛሙርት አጥማጆች ነበሩ፤ ዓሣ ነበሩ የሚል ግን አላነበብሁም» ብለው ይቅርታ ጠይቀዋል። በመጨረሻ ጓድ ዳምጤ በድምፅ ብልጫ ዓሣ ሆነው ተመረጡ። እርሳቸውም ተራ ዓሣ ሳይሆን አምባዛ ተብለው እንዲጻፉ ስላሳሰቡ ተጽፏል። ዓሣ ድምፅ የመስጠት መብት አለው ወይ የሚለው ከብዙ ውይይት በኋላ፣ ከበሩ ወዲያ ሆኖ እየጮኸ እንዲሰጥ ተወስኗል።

ሽመሉን ሊቀመንበሩ ያዙ። ብዙ ጊዜ አለፈ። ጓድ ዳምጤ በሩን ከፍተው «ሞታችኋል ወይስ አላችሁ? እጄ ተላጠ እኮ!» ብለዋል። ሊቀመንበሩ ሽመሉ ጨዋ ስለሆነ ነው ብለዋል።

የጅራፉን እጀታ አባ ያዙ። አንድ ጊዜ ተሰማኝ አሉ። ጓድ ዳምጤ ከጓዳ ሆነው ገና አልነካሁም ብለዋል።

ሸምበቆውን ጓድ ቻላቸው ያዙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያም «ነካ» አሉ። «አሁን ተወው። አሁን በጣቱ ጠቀለለው። አሁን ክሩን እንደያዘ ጢሙን አከከ።»

ጓድ ዳምጤ በሩን በርግደው ወጥተው «በሥላሴ! በየት በኩል አየኸኝ?» አሉ። ተጨበጨበ። ጓድ ብርቄ እልል ብለዋል። ሸምበቆው እንዲመረጥ፣ ጓድ ቻላቸውም የማኅበሩ አጥማጅ እንዲሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የተራ ቁጥር 6 እና 7 ድምፅም ተቆጥሯል።

በዚህ ጊዜ እንግዳው ዓይናቸውን ገለጡ። እጅህን አሳየኝ አሉ። ጓድ ቻላቸው አሳዩ። እንግዳው መዳፉን ገልብጠው አዩትና «ሰሜን ግንባር፣ ወንበዴዎቹ ሣር ውስጥ ቀጭን ሽቦ እየዘረጉ ፈንጂ ያስሩበታል። የላክናቸው ሁሉ ሳይሰማቸው እየረገጡት አለቁብን» አሉ። ቀጥለውም «እንዲህ ያለ እጅ ነበር የምፈልገው» አሉ።

የጸሐፊው ብዕር በዚህ ጊዜ ሳይጽፍ በወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እዚህ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ከዚያ የመጣ ነው።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ተናገሩ። ቅድም የተሰማው ነፋስ ሊሆን እንደሚችል፣ ጎተራው ቀዳዳ መሆኑን ገለጹ።

ጓድ ዳምጤ ጢማቸውን አለማከካቸውን፣ አክከውም እንደማያውቁ በአብዮቱ ስም አረጋገጡ።

አባ ወልደ ጊዮርጊስ «እኔ ይህን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ስመክረው አንድም ቀን ተሰምቶት አያውቅም» ብለው መሰከሩ።

ጓድ ብርቄ ተነሡ። እንዲህ አሉ፦ «ቤቱ ሲያፈስ በግንባሩ እየተንጠባጠበበት የሚተኛ ሰው ነው። እሳት ረግጦ ሲሸተው ሌላ ሰው የተቃጠለ ነው የሚመስለው። ጌታው፣ እሱ እኔ ስጠራው እንኳ አይሰማ! ድንጋይ ነው ያገባሁት።» ከዚያ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ነበር።

ጓድ ቻላቸው ምን ይላሉ ተብለው ተጠየቁ። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ተደግሞላቸው አልሰማሁም ብለዋል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ውይይት ሳይደረግ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ በአጀንዳ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ምንም ዘንግ አልተመረጠም። ፈተና አልተካሄደም። ጓድ ዳምጤ ከዓሣነት ተነሥተዋል፤ ቀድሞም አልነበሩም። በጨፌው ውስጥ ዓሣ የለም። ጓድ ቻላቸው በእጃቸውም በእግራቸውም ምንም የማይሰማቸው በመሆኑ ለዓሣም ሆነ ለጦር አይሆኑም።

ሊቀመንበሩ ጉባኤው በሰባት ሰዓት ተኩል መበተኑን አስታወቁ።

እንግዳው አልተነሡም። ውሳኔው ጥሩ ነው አሉ፤ በጥሩ ቋንቋ ተጽፏል አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የክሩን ጫፍ ከወለሉ አነሡና፣ አሁን ዓሣው እኔ ነኝ ብለው፣ ጓድ ቻላቸው ሸምበቆውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዲያዞሩ፣ ሌሎቻችን እንድንወጣ አዘዙ።

ወጣን። በመጨረሻ የወጡት ጓድ ብርቄ ነበሩ። በባላቸው አጠገብ ሲያልፉ ከትከሻው ላይ ቄጠማ አራገፉለትና አንድ ነገር አሉት። ለጸሐፊው አልተሰማም።

በሩ ተዘጋ።