በየሰኞው አንድ ጣሳ አሸዋ

ይቅርታ ይደረግልኝ፤ እኔ መጻፍ የሚያምርብኝ ሰው አይደለሁም፤ ፊደልም ሳልስት አልቀርም። ብቻ የልብስ ሰፊውና የእህቱ ባል ነገር ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኝ ነው።

(እሁድ ከሰዓት። ከአንድ ፎቅ ሥር ያለች ጠባብ የስፖርት ክፍል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ የአሸዋ ጆንያ አዝሏል። "ብረቱ" እየተባለ የሚጠራው የእህቱ ባል መስታወት ፊት ቆሞ ክንዱን ያደንቃል።)

ብረቱ፦ አሁን ይሄ ስፖርት ነው? የሚያይህ ሁሉ አሸዋ ሰርቀህ የምትሸሽ ነው የሚመስለው!

ልብስ ሰፊው፦ በሃያ ኪሎ ጀመርኩ። በየሰኞው አንድ ጣሳ፣ ሁለት ሁለት ኪሎ እየጨመርኩ ይኸው አርባ አራት ደረስኩ።

ብረቱ፦ በጣሳ! እኔ እኮ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ዘንጉ ላይ መቶ ኪሎ የጫንኩት!

ልብስ ሰፊው፦ አነሳኸው?

ብረቱ፦ ጫንኩት አልኩህ እኮ!

ልብስ ሰፊው፦ እማዬ ነገ ከሆስፒታል ትወጣለች። እግሯ ገና አልዳነም፤ ቤቷ እዚሁ ላይ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለ። እሷም አርባ አራት ኪሎ ናት።

ብረቱ፦ እና እናትህን በአሸዋ ለካሃት? ጉድ እኮ ነህ! አማቴን ለእኔ ተዋት፤ በአንድ እጄ ነው የማወጣት።

ልብስ ሰፊው፦ ደረጃው ላይ ተለማምደሃል?

ብረቱ፦ ልምምድ ለጀማሪ ነው! ዞር በል፣ መቶ ሃያ ላሳይህ።

ልብስ ሰፊው፦ ባለፈው ሳምንት ስንት አነሳህ?

ብረቱ፦ እረፍት ላይ ነበርኩ።

ልብስ ሰፊው፦ ከዚያ በፊትስ?

ብረቱ፦ አትጨቅጭቀኝ! ስልክህን አውጣና ቅረጸኝ!

(ጎንበስ ብሎ ዘንጉን ያዘ። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። ወገቡ ግን "ቀጭ!" አለ፤ እንዳጎነበሰ ቀረ።)

ልብስ ሰፊው፦ በል ቀና በላ፣ እየቀረጽኩህ ነው።

ብረቱ፦ ወገቤን! ኧረ ወገቤን! አጥፋው! ደግፈኝ፣ ቤቴ አድርሰኝ!

ልብስ ሰፊው፦ ስንት ኪሎ ነህ?

ብረቱ፦ አሁን ይሄ ይጠየቃል? ሰማንያ!

ልብስ ሰፊው፦ (በጣቱ ቆጥሮ) አይ ወንድሜ፣ አንተን ለማዘል ገና አሥራ ስምንት ሰኞ ይቀረኛል። እስከዚያ ሰው ልጥራልህ።

(በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊው እናቱን አዝሎ አንዴም ሳያርፍ አራተኛ ፎቅ አደረሳት። ከዚያ ወረደና፣ ቀኑ ሰኞ ነውና፣ ጆንያው ላይ አንድ ጣሳ አሸዋ ጨመረ። አሥራ ሰባት ቀረው።)