ለቅቄያለሁ ባዩ ሜርቭ

ሦስት ሰው ተሰብስቦ ማኅበር ካቋቋመ አንዱ ሊቀመንበር፣ አንዱ ጸሐፊ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ለቅቄያለሁ!» ባይ መሆኑ አይቀርም። ሊቀመንበር የሌለው ማኅበር ታይቷል፤ ጸሐፊው የጠፋበትም ሞልቷል፤ ለቅቄያለሁ ባይ የሌለው ግን ገና አልተፈጠረም።

በኩራሊን ክሪክ የገጠር መንደር የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች ማኅበር ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ሜርቭ ፔንጌሊ ነበሩ፤ በግ አርቢ፣ ጆሮ ሰፊ፣ ድምፀ ነጎድጓድ። የማኅበሩን ታሪክ ማወቅ የፈለገ ሰው እሳቸው ስንቴና በምን እንደለቀቁ ቢጠይቅ ይበቃዋል።

አባቶቻቸው የማሳ እሳት በእርጥብ ጆንያ እየደበደቡ ሲያጠፉ ኖረዋል። በኋላ ማኅበሩ ከጦር ሠራዊት የተጣለ የጭነት መኪና ገዝቶ የውሃ በርሜል ሲጭንበት፣ ያኔ ጎረምሳ የነበሩት ሜርቭ ብድግ አሉ።

«እሳትና ጆንያ የቆየ ትውውቅ አላቸው! መኪና ምን አገባው? ለቅቄያለሁ!»

ወንበሩ ወደቀ፤ በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። በማግስቱ የባቡር ሐዲዱ ዳር ሣር ሲቀጣጠል የዚያን መኪና መሪ ጨብጦ አቧራ እያስነሣ የደረሰው ማን ሆነና! «ደግሞ ተመለሰ እንዳትሉ» አሉ ከላይ ሆነው። «እንደ ጎረቤት ነው የመጣሁት።»

ሬዲዮ ሲገባ፣ «ጭስ የሚታየው በዐይን ነው በጆሮ?» ብለው ለቀቁ። የመኪናው መጋዘን ከመጠጥ ቤቱ ራቅ ብሎ ሲሠራ፣ «ጉሮሮው ደርቆ እሳት የሚያጠፋ ማን ነው?» ብለው ለቀቁ። ኋላ ኋላማ ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ «ሜርቭ ለቅቋል፤ ወደሚቀጥለው እንለፍ» ይል ጀመር።

የዳቦ ቤቱ ልጅ ብሮንዊን የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና ስትገባ የለቀቁት አለቃቀቅ ግን ለብቻው ነው። «ሴት ቱቦ ከያዘች እሳቱ ራሱ ይስቃል!» ሲሉ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ቅዳሜ ጠዋት ደጃፏ ላይ የማኅበሩን መኪና አቁመው ጡሩምባ ነፉ።

«ነይ ውጪ! ዳገት ላይ እንዴት እንደሚነዳ ላሳይሽ።»

«ለቀቁ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያስ! አባል ያልሆነ ሰው ደስ ያለውን ያስተምራል። እግርሽን ከፍሬኑ አታንሺ፣ አንቺ!»

ከዓመታት በኋላ የማኅበሩ አለቃ ሆና ስትመረጥ ደግሞ፣ «እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቁ ነበር?» ብለው ለቀቁ።

አምና ባለቤታቸው ዶት ሞተች። ከቀብሩ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ብሮንዊን አሮጌው መኪና ይሸጥ የሚል ሐሳብ አቀረበች። በአጠገባቸው የነበረው ሁሉ የሻይ ኩባያውን ከጠረጴዛው ጫፍ አሸሸ። ሜርቭ መዳፋቸውን እያዩ፣ «እንደፈለጋችሁ» አሉ።

ብሮንዊን ስንት እሳት አይታለች፤ እንዲህ ያስደነገጣት ግን አልነበረም። ሰውየው በሚቀጥለውም ስብሰባ «እንደፈለጋችሁ» አሉ። የስንዴ ማጨጃ ማሽን ማሳ ውስጥ እሳት አስነሥቶ ሳይረኑ ሲጮኽም አልመጡም። እንደ ጎረቤት እንኳ አልመጡም።

ቤታቸው ሄደች። ድምፁን ያጠፉት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል።

«ሜርቭ፣ ከዳርባ ማኅበር ጋር ልንዋሃድ ነው።» ዳርባዎች በኳስም በበግም ጠላት ናቸው።

«እንደፈለጋችሁ።»

«የመኪናውን ቀለም ሐምራዊ ልናደርገው ነው።»

«ጥሩ ቀለም ነው።»

ብሮንዊን ነደዳት። «እንግዲያው እኔም በቃኝ! ለቅቄያለሁ!» አለችና ተነሣች።

ሜርቭ ቀስ ብለው ዞሩ። «ምን አልሽ?»

«አለቅነቱን ለቅቄያለሁ።»

«እንዲህ ነው እንዴ የሚለቀቀው? ወንበሩ እንኳ አልወደቀም!» ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። «ደግሞ ባርኔጣሽን ረስተሻል። ለቅቀሽ ወጥተሽ ለባርኔጣ ልትመለሺ ነው? መሳቂያ ትሆኛለሽ! መጀመሪያ ባርኔጣ፣ ቀጥሎ ወንበር፣ ከዚያ በር!»

ሳቋ አመለጣት። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ለቅቄ ቤት ስገባ ለዶት ነበር የምነግራት» አሉ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የሁላችሁንም ድምፅ እያስመሰልኩ። ሆዷን ይዛ ትስቅና፣ ‹በል አሁን እራትህን ብላ፣ ነገ ትመለሳለህ› ትለኝ ነበር። አሁን ለቅቄ ለማን ልንገር?»

ብሮንዊን እጅጌዋን ሰበሰበች። ሄዳ ማጠቢያው ውስጥ የተከመረውን ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ እሳቸውም ፎጣ አንሥተው ሲያደርቁ ቆዩ።

«እኔ ቤት ይምጡ» አለች ኋላ። «ስብሰባ ላይ ይልቀቁና ለእራት ይምጡ። ባሌ ኬቭ እኔን የሚያማለት ሰው ካገኘ ደስታውን አይችለውም።»

በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳው የሻይ ብስኩት ነበር። ሜርቭ ባርኔጣቸውን ደፉ። ምን ብለው እንደለቀቁ እዚህ ባይጻፍ ይሻላል፤ መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ግን እንደ ሠርግ እልል ሊል ምንም አልቀረው።

ማታ ብሮንዊን ቤት የበግ ጥብሱን አፋቸው ሙሉ ጎርሰው ለኬቭ ይተርኩለታል። «ያቺ አለቃ ተብዬ! ግትር! እኔ ስናገር ጣሪያ ጣሪያ ታያለች!»

ኬቭ ዕንባው እስኪፈስ ይስቃል።

«ኧረ ይተዉኝ፣ እኔም አውቃታለሁ፤ የማትቻል ሴት ናት» አለች ብሮንዊን፣ ድንቹን እያቀበለቻቸው። «እሺ፣ ከዚያስ ምን አለች?»