“ቀጥኗል” ባዩ ጋሽ ወንዳወቅ

አገር መብራት አጥቶ ይከርማል፤ ውሃ ቢጠፋበትም ጄሪካኑን ይዞ ይሰነብታል። አራሚ የሌለው ከተማ ግን እስከ ዛሬ አልታየም። አራሚ ማለት ሥራ የያዘ ሰው አጠገብ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆም፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት ካየ በኋላ “አይ፣ እንደሱ አይደለም” የሚል ሰው ነው። በየሰፈሩ አንድ አለ። በእኛ ሰፈር የለም የሚል ካለ ነገሩ ያጠራጥራል፤ ምናልባት እሱ ራሱ ነው።

ለሰቆጣ መናኸሪያ የደረሱት ሊቀ ጠበብት ወንዳወቅ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ቤተ ክህነት አይደለም፤ ያረሙት ሰው ሁሉ ተባብሮ የሾማቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጽጽቃ እስከ ሰሃላ የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እጃቸው ዐረፈ እንጂ አፋቸው አብሮ አልወጣም። በአማርኛ ያርማሉ፤ ነገሩ ከበድ ያለ ጊዜ ወደ ኽምጥኛ ይዞራሉ፤ ያን ጊዜ የሚያዋጣው ዝም ብሎ መታረም ነው።

የአበርገሌ መስመር ሹፌሩ ደሞዝ አይሱዙውን የኋሊት ሲያስገባ፣ ከበስተኋላ ቆመው “ና፣ ና፣ ና” ይሉታል። ግንቡን ሲነካ ደግሞ “አቁም ስልህ አትሰማም እንዴ?” ብለው እሱኑ ይቆጡታል። ሠርግ ላይ ለፎቶ አንሺው ፀሐይዋ በየት በኩል እንደሆነች ያሳዩታል። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ ጉድጓዱን “አጥሯል” ብለው ቆፋሪዎቹን አስቆሙ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ተቆጣ። ሳጥኑ መጥቶ ሲለካ ጉድጓዱ አንድ ስንዝር አጥሮ ተገኘ። የጋሽ ወንዳወቅ ጉዱ ይኸው ነው። ሁልጊዜ ቢሳሳቱ ሰው ይገላገላቸው ነበር፤ አልፎ አልፎ ልክ ስለሚሆኑ መሸሻ የለም።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የምታውቀው ባንቺ ናት። መናኸሪያው በር ላይ ቡና እያፈላች የምትሸጥባት አንዲት ክፍል አለቻት፤ ከበሩ በስተቀኝ ያለችው በርጩማ ደግሞ የጋሽ ወንዳወቅ ናት። በቀን ሦስት ጊዜ ይመጣሉ። የመጀመሪያዋን ፉት ይሉና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ዳኛ ጥቂት ቆይተው፣ “ቀጥኗል” ይላሉ። ባንቺ አወፍራ ሞክራለች። ማንኪያ ቢተከልበት ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ አወፍራ ሞክራለች። መልሱ ያው “ቀጥኗል” ነው። ከዚያ እስከ አተላው ጠጥተው ይነሣሉ።

ማሽኑ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ታናሽ እህቷ ምሕረት ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ አራት ዓመት ሞልቷታል። አገር በሚገባ ሰው አንድ ካርቶን ላከች። ሲከፈት ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ የቡና ማሽን፣ ጥቂት ቸኮሌትና ሁለት መቶ ካፕሱል ወጣ። ካፕሱል ማለት የተፈጨ ቡና የታሸገባት፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ ቆርቆሮ ናት። አንዷን ለማሽኑ ማጉረስ፣ ቁልፉን መጫን፣ አንድ ስኒ ቡና መቅዳት፣ ከዚያ ባዶዋን መጣል፤ ሥራው ይኸው ነው። ደሞዝ አንዷን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምትዋጠው ሲል ጠየቀ።

ምሕረት በስልክ የነገረቻት ግን ቀልድ አልነበረም። በጥር ለአንድ ወር ዕረፍት ትመጣለች፤ ቲኬቷ ደርሶ መልስ ነው። ማሽኑ ከሠራና ሰው ከወደደው አትመለስም፤ ሁለቱ እህትማማቾች ክፍሏን አስፍተው አብረው ይሠራሉ። ካልሆነ ግን እመቤቲቱ ቦታዋን ጠብቃላታለች። ባንቺ እህቷን ከሸኘች ወዲህ የእህቷን አልጋ እንኳ ከቦታው አላነሣችም። ስለዚህ ይህ ማሽን የግድ መሥራት ነበረበት።

ማሽኑስ ሠራ፤ እምቢ ያለው ቡናው ነው። በመጀመሪያው ቀን ባንቺ ጀበናዋን ሰቅላ ከማሽኑ አንድ ስኒ ቀድታ ካፕሱሏን ልትጥል ስትል ጋሽ ወንዳወቅ እጇን ያዙ። ቡና ያለ በረካ ይጠጣል እንዴ? ከአንድ ጀበና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደሚወርድ ሁሉ ከአንዲት ካፕሱልም ሦስቴ ይወርዳል ብለው ደነገጉ። ባንቺም አልተከራከረችም፤ በረካው ሳይጠጣ ቡና መድፋት እሷንም ያሳቅቃት ነበር። አቦሉ ሻይ መሰለ። ቶናው ሻይ የተጠጣበት ብርጭቆ እጣቢ ሆነ። በረካው ውሃ ነበር፤ ያውም ለብ ያለ። ደሞዝ በረካውን ጨልጦ፣ ጥሜን ስለቆረጣችሁልኝ እግዜር ይስጣችሁ ብሎ ወጣ፤ በማግስቱም ቡናውን ከማዶ ሲጠጣ ታየ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የማሽን ቡና የሚያዝ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እሳቸውም በቀን ሦስቴ ይመጡና፣ ያንኑ አዘው፣ ያንኑ ጠጥተው፣ “ቀጥኗል” ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ሰቆጣ ሁሉ ከእሳቸው ጋር ተስማማ።

ምሕረት የደወለችው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ማሽኑ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀች። ባንቺ ከአፏ ምን እንደሚወጣ ሳታውቀው፣ “ሰው ተሰልፎ ነው የሚጠጣው” አለቻት። ጋሽ ወንዳወቅ ከበርጩማቸው ላይ ወደ ኋላ ዞረው ባዶዎቹን መቀመጫዎች አንድ በአንድ አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። ባንቺ መሬት መሬት አየች። አፋቸውን መልሰው ዘጉና ስኒያቸውን አነሡ፤ በሕይወታቸው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያርሙ አለፉ። ስልኩ ሲዘጋ፣ መቼ ነው የምትመጣው ብለው ጠየቁ። ከጥምቀት በፊት ባለው እሑድ አለቻቸው።

“እንግዲያው ጊዜ አለን” አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንቺ ሰላም የላት። መጀመሪያ ጥፋቱ የተራራው ሆነ። ሰቆጣ ከፍ ያለች አገር ናት፤ ውሃው በወጉ ሳይግል ይፈላል፤ ስለዚህ ማሽኑ መሞቅ አለበት ብለው የገዛ ጋቢያቸውን አምጥተው ጠቀለሉት። ከደጅ ያየ ሁሉ ማን ታሞ ነው እያለ ጠየቀ። ጋቢው በእንፋሎት ርሶ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ዋለ። ቀጥለው ካፕሱሏን ከማጉረስ በፊት ባዶ ውሃ አንዴ ይውረድ፣ ስኒውም በዚያ ሙቅ ውሃ ይለቅለቅ አሉ። ባንቺ ለመቀለድ ያህል ሞከረችው፤ ያልታደለች፣ እውነትም ቡናው ተሻለ። ከዚያ ትልቁን ቁልፍ ትታ ትንሹን እንድትጫን አዘዙ፤ ውሃው አነሰና ቡናው ጠቆር አለ። በዚያ ሰሞን ማሽኗ ፊት ቆመው ካፕሱሏ ሦስቴ ስትቀዳ አዩና ተቆጡ። ማነው ሦስቴ ቅጂ ያለሽ አሏት። እርስዎ ነዎት ጋሼ ብትላቸው፣ እንደሱ አላልኩም ብለው ነገሩን ዘጉ።

ሁሉም ተደርጎ ግን ቡናው ከጀበናው አልደረሰም። ይባስ ብሎ ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ፤ ውሃውን እያንጠባጠበ ይሰጣል። ምሕረት ልትደርስ አንድ ቀን ሲቀራት ጋሽ ወንዳወቅ የድሮ መፍቻ ሳጥናቸውን አንጠልጥለው መጡ። ባንቺ በማሽኑና በእሳቸው መሀል ቆመች። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም ችላለች፤ ይህን ግን አልቻለችም።

“ጋሼ፣ ይህ ነገር ከተበላሸ እህቴ ትመለሳለች” አለች።

ያልተጠበቀው ነገር እሳቸው አለመቆጣታቸው ነው። የባንቺን ማንቆርቆሪያ አንሥተው ውስጡን አሳዩዋት፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ይህ የአገራችን ውሃ ጨው ነው፤ ስንት ፓምፕ እንዳነቀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ማሽኑም ውስጥ ያለው ይኸው ነው አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ሥራ ጀመሩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። ባንቺ የጋሽ ወንዳወቅን ዝምታ አይታ ስለማታውቅ ከማሽኑ ይልቅ እሱ አስፈራት። ሎሚ አስጨምቀው በውሃ በርዘው በማሽኑ ሲያወርዱት ነጭ ቅርፊት እያስነጠሰ ተፋ። ሦስቴ ንጹሕ ውሃ አወረዱበት፤ ማቃሰቱ ቀረ።

ቀጥለው አንዲት ካፕሱል ቀደው ቡናውን መዳፋቸው ላይ ዘረገፉና አሸተቱ። የሞተ ነው አሉ፤ ተፈጭቶ ስንት ወር እንደቆየ ማን ያውቃል። ባንቺ ያን ጊዜ ገባት። የራሷን ቡና ቆላች፣ ወቀጠች፣ ደግማ ወቀጠች፣ በወንፊት ነፋችው። ባዶዋን ካፕሱል አጥባ ሞላችና ምሕረት በላከችው ቸኮሌት ብልጭልጭ ወረቀት አፏን ሸፈነችው። ጋሽ ወንዳወቅ “ጠቅጥቂው” አሉ፤ ጠቀጠቀችው። ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ቀይ መብራት አበራ፣ ጭጭ አለ። ቅዳሜ ነው፤ ምሕረት ነገ ናት። ሁለቱም ቆመው ቀዩን መብራት አዩ። ኋላ ባንቺ ካፕሱሏን አወጣችና፣ ማንንም ሳታማክር፣ ግማሹን አራግፋ በጣቷ ጫፍ ብቻ ነካ ነካ አድርጋ መለሰችው። ቁልፉን ተጫነች። ቡናው እንደ ማር እየተሳበ ወረደ፤ ላዩ ላይ ቡናማ አረፋ ሠራ።

ጋሽ ወንዳወቅ ፉት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባንቺ ጠበቀች፤ ፍርዱ ግን አልመጣም። ነገ ለእሷ ስጫት ብለው ስኒውን አስቀምጠው ወጡ።

ምሕረት እሑድ ገባች፤ እሑድ ሙሉ ሲሳሳሙ ዋሉ። ሰኞ ጠዋት ክፍሏ ውስጥ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ባንቺ ስኒውን አሞቀች፣ ካፕሱሏን አጎረሰች፣ ቀዳች። ምሕረት ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

“ይኼ የማሽኑ ቡና አይደለም” አለች።

ባንቺ መዋሸት ሰልችቷት ነበርና ሁሉንም ተናገረች፤ ቡናው መቅጠኑን፣ ሰው ወደ ማዶ መሻገሩን፣ ጋቢውን፣ ሎሚውን፣ የቸኮሌቱን ወረቀት። ምሕረት ሰምታ ሰምታ፣ ታዲያ ሰው ተሰልፎ ነው የሚጠጣው ያልሽኝስ ብላ ጠየቀች። ባንቺ ወደ በሩ፣ በስተቀኝ ወዳለችው በርጩማ አየች።

“ሰልፉ እሳቸው ናቸው” አለች። “ያን ሁሉ ውሃ፣ ሦስት ወር፣ አንድ ቀን ሳይቀሩ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የጠጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።”

ይህን ስትናገር ለራሷም ያን ጊዜ ነው የታወቃት። ቀጥኗል ያለው ሁሉ ሄዷል፤ ቀጥኗል እያለ የተቀመጠ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጋሽ ወንዳወቅ ስኒያቸውን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው። ሌላ የሚያርሙት ነገር ስላላገኙ የበሩን ማጠፊያ አዩና፣ ዘይት ያስፈልገዋል አሉ።

ምሕረት እስክታነባ ሳቀች። ሳቁ ሲበርድላት ግን እንባው አልቆመም።

“አራት ዓመት ያንን ቀጭን ቡና በየጠዋቱ አፍልቼ አቅርቤአለሁ” አለች። “አንድ ቀን እንኳ ወፍሯል፣ ቀጥኗል ያለኝ የለም። ማን እንዳፈላውም ቀና ብሎ ያየ የለም።”

ወሩ እንዴት እንዳለቀ አልታወቀም። የመመለሻ ቲኬቱ ቀን ረቡዕ ዋለ። ደሞዝ ከማዶ ተመልሶ ወረፋ ይጠብቃል፤ ከኋላው ሌሎች ሁለት አሉ። ምሕረት እጅጌዋን ሰብስባ ቡና ትነፋለች። ጋሽ ወንዳወቅ አጠገቧ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት ካዩ በኋላ፣ አይ፣ እንደሱ አይደለም፣ ወንፊቱን ወደ ራስሽ ዘንበል አድርጊው አሏት። ዘንበል አደረገችው፤ ልክ ነበሩ። ቀድታ ሰጠቻቸው። ፉት ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ቀጥኗል” አሉ።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ” አለች ምሕረት፤ ቶናውን ልትቀዳላቸውም ስኒውን ተቀበለቻቸው።