የአክተሩ ወገን ነበርን

ሰው ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ ትንሽ ማሳመሩ ያለ ነው። እናንተ አላደርገውም በሉኝና ልሳቅ። እኔማ በልጄ ፊት ልጅነቴን ያልቀባባሁበት ቀን የለም።

ልጄ ሳሮን እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ኮሌጅ የገባች፣ ስለ ድሮ ፊልሞች የምትማር ናት። ነጩ አዳኝ ባርኔጣውን ደፍቶ ጫካ ሲገባ፣ ጥቁሮቹ ጦር ይዘው ሲጨፍሩ የሚያሳዩትን ማለቴ ነው። እነዚህን ፊልሞች አፍሪካ ሆኖ ያየ ሰው አነጋግረሽ ጻፊ ስትባል ሩቅ አልሄደችም። አባቴ ገና በልጅነቱ እንዴት እንደተናደደ እጽፋለሁ ብላ ለክፍል ጓደኞቿ አስቀድማ አውርታልኛለች። የነገረችኝም በኩራት ነው። ምን ልበላት?

ለናንተ እውነቱን ልናገር። ናዝሬት፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ስናይ እኛ የአክተሩ ወገን ነበርን። ዋናው ሰውዬ ሌላ ስም የለውም፤ አክተር ነው፣ አክተር ደግሞ አይሞትም። ባለጦሮቹ «አፍሪካውያን» ናቸው፤ እኛ ምን አገባን? በተገደሉ ቁጥር እናፏጭ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈራችን ስፕሪንግ ቫሊ፣ ሳሎናችን ውስጥ ፊልሙን ከፈተችው። ፊቴን አኮሳትሬ፣ የተበደለ ሰው መስዬ ተቀመጥኩ። ጥሩ ይዤው ነበር። አንዱ ባለጦር ከቁጥቋጦ ብቅ ሲል ግን አፌ ቀደመኝና «ከኋላህ!» ብዬ ጮህኩ።

ሳሮን ፊልሙን አቆመችው።

«ዳዲ፣ ለማን ነው ቺር የምታደርገው?»

አፈርኩ። ከዚህ ወዲያ መሸፋፈን የለም፤ ፉጨቱንም ጭብጨባውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ላፕቶፗን ከፍታ ስለ ንዴቴ አስቀድማ የጻፈችውን አጠፋች።

ፊልሙ ቀጠለ። ተሸካሚዎች በገደል አፋፍ ተሰልፈው ሲሄዱ አንዱ ከነሳጥኑ ተንሸራቶ ወደቀ። አክተሩ ወደ ታች አየና ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደነበረ ጠየቀ። ጥይት ነው ሲሉት አዘነ። ድሮ እኛም ያዘንነው ለጥይቱ ነው። ዛሬ ግን እኔ ኤርፖርት ዊልቸር የምገፋ፣ የሰው ሻንጣ ታቅፌ የምውል ሰው ነኝ።

«ሰውየውስ?» አልኩ።

ፊልሙ ወደ አንበሳ አደን አልፏል። ሳሮን ግን እንደገና መጻፍ ጀመረች። ምን ብለሽ እየጻፍሽ ነው አልኳት።

«አባቴ ስለ ሰውየው ጠየቀ።»

«ዘግይቶ መሆኑንም ጨምሪበት» አልኳት።